ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ግቢ ሲገባ ለብቻው ዶርም መጠየቅ ይቻላል?

የኮዬዋ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ግቢ ሊገባ ነው፣ የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማው ጫፍ ላይ ነው ስሙን ግን አልጽፍም። እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል ግን በዚህ በኩል ያላችሁ ትራንስፖርቱን ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ባጃጅ ከዛ የታክሲ ሰልፍ ከዛ ደሞ የእግር መንገድ፣ ማታ ከላይብረሪ ሲወጣማ ጭራሽ አይታሰብም። ከቤት ይመላለስ ብንል ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሳ ነው፣ ለሱ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ዋናው ጠላቱ ነው።

ከ13 ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። ካርባማዜፒን ጠዋትና ማታ ይወስዳል፣ ክትትሉንም አያቋርጥም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን በ3 ወር በ4 ወር አንዴ ቢነሳበት ነው። የሚነሳበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ወደ ንጋት አካባቢ ነው፣ ወይ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰሞን። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያጠና በአንድ ሳምንት 2 ጊዜ ጥሎታል።

ባለፈው ሳምንት ግቢው ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። ዶርሙ ለ6 ሰው ነው፣ 3 ተደራራቢ አልጋ፣ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚበራ ልጆቹ ነገሩኝ። አንዱ ቢሮ መስኮት ላይ ያለ ሰውዬ ለብቻ ክፍል የሚባል ነገር እዚህ የለም አለኝ፣ በሽታውን ስነግረው ደግሞ ሰልፉ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ "እንደዛ ከሆነማ ዶርም ባይገባ ይሻላል ልጆቹ ይፈራሉ" አለኝ። ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት። እማዬ ይቅርበት ትላለች። እሱ ደግሞ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ለብቻዬ ክፍል ካልተሰጠኝ አልገባም፣ ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም"።

ለብቻ ክፍል ያገኘ ሰው ታውቃላችሁ? ምን ዓይነት ወረቀት ነው የሚጠየቀው? ለማንስ ነው የሚገባው?

የብሎክ ቁልፍ፦

እህቴ አይዞሽ። እኔ 11 ዓመት ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ነበርኩ፣ አሁን ሥራውን ለቅቄያለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያ ሰውዬ መስኮት ላይ የለም ማለቱን እንደ መልስ እንዳትቆጥሪው። በቃል ለጠየቀ ሁሉ የለም ነው የሚባለው። የዶርም ድልድል የሚሠራው ተማሪው ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ስም ዝርዝሩ ከሬጅስትራር ይመጣል፣ በዲፓርትመንት ወይም በፊደል ተራ ይደለደልና ብሎኩ በር ላይ ይለጠፋል፣ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ልጅ ለማዛወር ሌላ ልጅ መንካት ነው፣ ያኛው ደግሞ ፍራሹን አንጥፎ ሎከሩን ቆልፎ ይጠብቅሻል። ፕሮክተር ቢያዝንልሽም ከዛ በኋላ እጁ ላይ ብዙ ነገር የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ድልድሉ ሳይሠራ መድረስ አለበት፣ ዛሬ ነገ አትበይ።

ከሚታከምበት ሆስፒታል የሐኪም ማስረጃ አጽፊ፣ ቲተርና ክብ ማህተም ይኑረው፣ ቲተር የሌለው ወረቀት ተመልሶ ሲመጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ኮፒውን ግቢው ክሊኒክ ወስዳችሁ ካርድ አውጡለት፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ሌሊት የሚያገኘው ነርስ አስቀድሞ ያውቀው። ማመልከቻው የልዩ ፍላጎት ቢሮ ካለ ለነሱ ከሌለ ለተማሪዎች ዲን ይጻፍ፣ ግን በእጅ ሰጥተሽ እንዳትመጪ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ይግባና ቁጥር ተቀበይ፣ አንቺ ጋ የሚቀረው ቅጂ ላይም የገባበትን ቀን አስፈርሚ። "ደብዳቤሽ አልደረሰንም" ሲሉሽ ቁጥሩን ትሰጫቸዋለሽ።

ክፍል የለም የሚለውን በተመለከተ፣ እኔ በሠራሁባቸው ብሎኮች ሁሉ ምድር ላይ ደረጃው ሥር ወይም የፕሮክተር ክፍል አጠገብ አንድ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ነበሩ፣ 2 አልጋ የሚይዙ። ፍራሽ ይከማችባቸዋል፣ አንዳንዴም ሰው ላለው ሰው ይሰጣሉ። ለታመመ ተማሪ ተጠይቆ ፍራሹ ወጥቶ ሲሰጥም አይቻለሁ። አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እስካሁን ይከብደኛል። አንድ ልጅ ነበረ እኔ ብሎክ፣ በሽታውን ለማንም አልተናገረም፣ እኔም አላውቅ፣ ላይኛው አልጋ ነው የደረሰው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጮኸው ጠሩኝ፣ ስደርስ ከላይ ወድቆ መሬት ላይ ነው፣ አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ይዟል፣ አንዱ ማንኪያ ጥርሱ መሀል ሊያስገባ ይታገላል፣ ሌላው እግሩ ላይ ተቀምጧል። እኔም ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ትከሻው ተሰብሮ ሴሚስተሩ አመለጠው። ታችኛው አልጋ ቢሆን ኖሮ እኮ የሚፈልገው ይሄን ብቻ ነበር፣ ታችኛው አልጋ! ቢነገረኝ በ5 ደቂቃ የምቀይረው ነገር ነው።

ባለ ክራንች፦

እኔ ለብቻዬ ክፍል አግኝቻለሁ ስለዚህ የለም የሚለው ልክ አይደለም። ግን እንዴት እንዳገኘሁት መናገር አለብኝ ምክንያቱም የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ምንም አልጠቀመኝም።

በመኪና አደጋ አከርካሪዬ ተጎድቶ በክራንች ነው የምሄደው። ከዛ በላይ ሰው የማያየው ነገር ደግሞ ሽንቴን በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ነው የማወጣው፣ በየ 4 እስከ 6 ሰዓቱ። ለዚህ የታጠበ እጅ፣ ውሃ፣ የሚዘጋ በር ያስፈልጋል። እኔ የደረሰኝ የ6 ሴቶች ክፍል ነበር፣ ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ውሃ የሚመጣው ደግሞ በፈረቃ። መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ 2 ጊዜ ኢንፌክሽን ይዞኝ አንዱ ኩላሊቴ ድረስ ደርሶ ተኝቻለሁ።

የመጀመሪያው የሐኪም ወረቀት ምን ይላል መሰላችሁ፣ "አካል ጉዳተኛ ስለሆነች አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት"። በቃ። ቢሮው ከ2ኛ ፎቅ ወደ ምድር አወረደኝና ትብብር አድርገናል አለ፣ ክፍሉ ግን ያው 6 ሰው ነው። ሁለተኛውን ሐኪሙ ጋ ቁጭ ብዬ አስረድቼ አጻፍኩት፣ በቀን ስንት ጊዜ ምን እንደማደርግ፣ ለዛ ምን ዓይነት ቦታ እንደሚያስፈልግ፣ ካልሆነ ምን እንደሚመጣ፣ ባለፈው ሴሚስተር ስንት ቀን እንደተኛሁ። በዛኛው ነው ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ክፍል ጠርገው የሰጡኝ። ስለዚህ እህቴ በሽታው ስሙ ብቻ አይጻፍ፣ በሽታው ከክፍሉ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይጻፍ።

ሕግ ነው ያጠናሁት ስለዚህ ማመልከቻዬ ላይ የጠቀስኩትን ልስጥሽ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፣ አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትንም ይጨምራል፣ አንቀጽ 2 ደግሞ ለሰውየው የሚያስፈልገውን ተገቢ ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል፣ ተቋሙ ላይ ከመጠን ያለፈ ጫና ካልሆነ በቀር። የስምምነቱ አንቀጽ 1 የረዥም ጊዜ ጉዳት ያለበትን ሰው በሙሉ ነው የሚያቅፈው፣ ዊልቸርና ክራንች ብቻ አይልም፣ ስለዚህ ወንድምሽን አካል ጉዳተኛ አይደለም ብለው ቢመልሱሽ በዚህ ተከራከሪ። የ2001ዱን የሕንፃ አዋጅ 624 አንቀጽ 36ንም ጠቅሼ ነበር፣ እሱ ግን ስለ ደረጃና መጸዳጃ ቤት ስለሆነ ለኔ እንጂ ለናንተ ብዙም አይጠቅምም። ማመልከቻው መጨረሻ ላይ "የማይቻል ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ" የሚል አስገቢበት፣ የለም ብሎ ለመፈረም ማንም አይቸኩልም።

ለብቻ መኖሩን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ክፍሉን እፈልገው ነበር፣ ጤናዬን መልሶልኛል። ግን ፈተና ተቀየረ፣ ክላስ ቀረ፣ አሳይመንት ወጣ የሚባለው ወሬ ሁሉ ዶርም ለዶርም ነው የሚዞረው፣ እኔ ጋ ማንም አያንኳኳም። 3ኛ ዓመት ላይ አንድ ጓደኛዬ አብራኝ እንድትገባ ራሴ ጠይቄ ለሁለት ሆንን።

አብሮኝ ያደገ፦

እህቴ እኔ ራሴ የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ 14 ዓመቴ ነው ከሱ ጋር፣ ፌኖባርቢታል ነው የምወስደው፣ ግቢ ጨርሼ አሁን ገላን አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ ከልቤ ነው የምልሽ፣ ለብቻ ክፍል አትጠይቁለት።

ሌሊት ነው የሚነሳበት አልሽ አይደል? ሌሊት ተኝቶ በሩን ዘግቶ ለብቻው ሲነሳበት ማን ያያል? ትራስ ላይ በአፉ ተደፍቶ ቢቀር ማን ያዞረዋል? በእንቅልፍ ሰዓት ድንገተኛ ሞት የሚባል ነገር አለ በኛ በሽታ፣ ላስፈራራሽ አይደለም ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ግን ጥናቶች እንዳሳዩት አብሮት የሚተኛ ሰው ያለው ሰው ላይ አደጋው ይቀንሳል። እኔ ሐኪሜ ራሱ ነው ለብቻህ እንዳትተኛ ያለኝ። ያንተን ሐኪም ጠይቀው በይው፣ እኔን አትመኚኝ።

እሱ የሚፈልገው ለብቻ መሆን ሳይሆን ጨለማና እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ይሄ ይጻፍ፦ ታችኛው አልጋ፣ ምድር ቤት፣ ሰው የማይበዛበት ክፍል ማለትም 2 ቢበዛ 3 ልጅ፣ ማታ በተወሰነ ሰዓት መብራት የሚጠፋበት፣ ፕሮክተሩ አጠገብ። ጋሼ ከላይ ያሉት ትንሿ ክፍል ማለት ናት። ይሄ ከ"ለብቻ ክፍል" ይልቅ ለመፍቀድም ይቀላቸዋል። እኔ የ6 ሰው ክፍል ውስጥ 2 ዓመት ኖሬ ፈተና በመጣ ቁጥር ነው የሚጥለኝ፣ አንዱ ሌሊት 10 ሰዓት ያጠናል አንዱ ጫት ይዞ ያድራል አንዱ ስልክ ያወራል፣ በመጨረሻ 2 ሰላማዊ ልጆች ጋ ተዛውሬ በዓመት አንዴ ሆነልኝ።

እና መድኃኒቱን። ግቢ ሲገባ ማንም አያስታውሰውም፣ ስልኩ ላይ አላርም ይሙላ፣ የ2 ወር ይያዝ፣ አለቀብኝ ብሎ በድንገት እንዳያቆም፣ በድንገት ማቆም ራሱ ያስነሳል። ሻወር ቤት በሩን ከውስጥ አይቆልፍ። ዶርም ውስጥ ሂተርና ስቶቭ ላይ እሱ አይቁም፣ አብረውት ያሉት ያብስሉለት እሱ ሌላ ሥራ ይሥራላቸው።

የኮዬዋ እህት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላሰብኩት ነገር ነው የነገራችሁኝ፣ ስለ ሌሊቱ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ ምክንያቱም እቤትም ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚተኛው።

ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። 2 ወይ 3 ልጅ ጋ ከሆነ ይነገራቸዋል ማለት ነው። እሱ እኮ የሚፈራው ይሄንን ነው። 9ኛ ክፍል እያለ ክላስ ውስጥ ጥሎት አረፋ ሲደፍቅ አይተው ከዛ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ ለብቻው ነው የተቀመጠው፣ በምራቁ ይተላለፋል ብለው የሱን ኮዳ አይነኩም ነበር። አሁን ለማያውቃቸው ልጆች ንገር ልለው ነው?

ዝም ይሻላል፦

እኔ አትናገሩ ነው የምለው። የአክስቴ ልጅ ለዶርም ልጆች ነግራ በሳምንቱ 3ቱ ክፍል ቀይሩልን ብለው ወጡ፣ ወሬው ብሎኩን ሙሉ አዳረሰው። ለክሊኒኩና ለፕሮክተሩ ይነገር ይበቃል። ሰው ገና አልተማረም።

አብሮኝ ያደገ፦

@ዝም ይሻላል የአክስትሽ ልጅ ላይ የደረሰው እኔም ላይ ደርሷል፣ አውቀዋለሁ ያማል። ግን ፕሮክተሩ እኮ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ የለም። ያሉት ልጆቹ ናቸው። ሳይነገራቸው ሲያዩት ነው የሚሸሹት፣ ወይ ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ማንኪያ ይዘው የሚታገሉት። ጥርስ ይሰበራል እኮ።

እኔ የተናገርኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ መጀመሪያ ለአንድ ልጅ፣ ቀልቤ ለወደደው። ቡና እየጠጣን እንዲህ አልኩት፦ አንዳንዴ ሌሊት ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ አትፍራ አይተላለፍም፣ አፌ ውስጥ ምንም አታስገባ፣ ክብሪት አታሽተኝ፣ እጄን እግሬን አትያዝ፣ አጠገቤ ያለውን ጠንካራ ነገር አርቅ፣ ጭንቅላቴ ሥር ጃኬት አድርግ፣ ሲለቀኝ በጎኔ አስተኛኝ፣ ሰዓት እይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2 በ3 ደቂቃ ይለቀኛል፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ለቆኝ ሳልነቃ ከደገመኝ ክሊኒክ ጥራ ወይ 907 ደውል። ስነቃ ግራ ይገባኛል፣ ዝም ብለህ ስሜን ጥራኝ። ይሄው ነው። ያ ልጅ ለሌሎቹ እሱ ነገራቸው፣ እሱ ስላልፈራ እነሱም አልፈሩም። ዘንድሮ ሚዜው ነበርኩ።

እህቴ ወንድምሽ ከሌሎች እንደሱ ያሉ ልጆች ጋር ቢያወራ ደግሞ በጣም ይቀለዋል፣ ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያ የሚባል በዚሁ በሽታ ዙሪያ የሚሠራ ድርጅት አለ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፈልጊያቸው። እኔ እንደኔ ያለ ሌላ ሰው ያየሁት በ22 ዓመቴ ነው፣ ከዛ በፊት እዚህ አገር እኔ ብቻ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ሰንዳፋ አድጌ አሁን ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ እዚህ ኮሌጅ የዶርም ነገር ስለጠየቅኩ (ከባድ አስም አለብኝ) ያየሁትን ልንገራችሁ ምናልባት ለደብዳቤው ሐሳብ ይሰጣችኋል። እዚህ ሕጉ ጠንካራ ነው፣ የ1973ቱ የሪሃቢሊቴሽን አክት ሴክሽን 504 አለ፣ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አለ፣ የቤቶች ሕጉም ዶርምን እንደሚመለከት በ2013 ኔብራስካ ውስጥ ፍርድ ቤት ወስኗል። ሁሉም በአገሩ አቆጣጠር ነው። ግን ሕጉ እንዲህ ሆኖም ለብቻ ክፍል ዝም ብሎ አይሰጥም። ቢሮው የሚጠይቅሽ ባለ ክራንች ያለችውን ራሱን ነው፣ በሽታሽና የምትጠይቂው ነገር ምን አገናኛቸው። ጸጥታ እፈልጋለሁ ለማጥናት ብቻ ካልሽ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፣ ዶርም ውስጥ ጸጥታ ማንም ዋስትና አይሰጥም ይሉሻል። የጠየቅሽውን ባይሰጡሽም ሌላ አማራጭ አቅርበው ያወሩሻል፣ አንድ ጊዜ ጠይቀሽ እምቢ ከተባልሽ በኋላ ነው ውይይቱ የሚጀምረው። የሚጥል በሽታ ያለባት የክላስ ጓደኛዬም ለብቻ ክፍል ሰጥተዋት እናቷ ናት እምቢ ብላ የመረጠቻት ልጅ አብራት እንድትገባ ያደረገችው።

እና ማስረጃው በየዓመቱ እንደሚታደስ አስቡት፣ ሰኔ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ካልጠየቃችሁ መስከረም ላይ እንደገና ከዜሮ ነው።

የብሎክ ቁልፍ፦

ሰኔ ያልሽው እኛም አገር ትክክል ነው። ክረምት ላይ ብሎክ ይጸዳል ይታደሳል፣ ትንሿ ክፍል ተመልሳ የፍራሽ ማከማቻ ትሆናለች። ሳትወጡ ጠይቁ።

የኮዬዋ እህት፦

ከ9 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው ይቅርታ። ሐኪሙ ጋ 3ታችንም ሄድን፣ ስለ ሌሊቱ ጠየቅነው፣ ለብቻው እንዳይተኛ ብሎ እሱም ተቆጣ፣ ይሄን ጥያቄ ግቢ ከመግባቱ በፊት ማምጣታችሁ ጥሩ ነው አለ። ወረቀቱን ባላችሁት መሠረት ጻፈልን፣ ተኝቶ እንደሚነሳበት፣ እንቅልፍ ማጣት እንደሚያባብሰው፣ ታችኛው አልጋ ምድር ቤት፣ ከ3 ያልበለጠ ሰው፣ ቲተርም ማህተምም አለው። ትላንት በመዝገብ ቤት አስገባሁ ቁጥር ይዣለሁ። መስኮት ላይ ያ ሰውዬ ራሱ ነበር፣ ቅጂው ላይ ሲፈርም ዝም ብሎ ነው የፈረመው። የዲኑ ቢሮ ያለችው ሴትዮ ደግሞ አንብባ ለብቻ ክፍል የሚጠይቅ ነው ብዬ ነበር አለችኝ፣ ይሄማ ይታያል ክፍሏን አውቃታለሁ አለች። ገና አልጸደቀም ግን አለች።

እሱ ከሐኪሙ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ዝም ብሎ ቆየና "ለልጆቹ ማነው የሚነግራቸው?" አለኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት። ትንሽ አሰበና "አይ እኔ ነኝ የምናገረው፣ አንቺ ግን እዛው ግቢው በር ላይ ቆይ" አለኝ። @አብሮኝ ያደገ የጻፍከውን በእጁ ወረቀት ላይ ገልብጦ መታወቂያው ውስጥ አድርጎታል።

የመግቢያ ቀን ስንት ሰዓት ብንደርስ ይሻላል?

የብሎክ ቁልፍ፦

ከዋናው ቀን አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ከመሆኑ በፊት፣ ዝርዝሩ ሳይለጠፍ። ቀድሞ የማያስገቡ ከሆነም ያቺን ሴትዮ ስልኳን ተቀበይ። አንሶላና ብርድ ልብስ ይያዝ፣ ቁልፍ ሁለት ይያዝ፣ አንዱን ለፕሮክተሩ ይስጠው። ፕሮክተሩን ስታገኙት መጀመሪያ ስሙን ጠይቁት፣ ከዛ ወረቀቱን አሳዩት።